አንዲት ቁንጥር የብረት ዱቄት

ባለፈው ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ የክርስትና ግብዣ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ሰውዬ ልጄን ከሐኪም ቢላ እንዴት እንዳዳናት ሲያወራ ሰማሁ። ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ልጄንም አውቃታለሁ፤ የወለድኳት እኔ ነኝ። የማላውቀው የሚያወራውን ታሪክ ነው። «የማግኔቱን ፎቶ ገና ሳየው ብረት መሆኑ ገባኝ» ይላል። ጎረምሶቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ክርስትና የተነሳው ሕፃን እንኳ ለቅሶውን አቁሞ ያየዋል፤ ሕፃን ስለሆነ አልፈርድበትም።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ ወዲያ፣ የልጅ ልጄ ስታጠና አጠገቧ እየተቀመጥኩ ነው። ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፤ ዳቦ ልገዛ ከኢስትሊ ወጥቼ ሳውዝ ሲ ደርሼ፣ ዳቦውን ረስቼ የምመለስ ሴት ነኝ። ይህን ግን በተቻለኝ ቀጥ አድርጌ ልጻፈው፤ ሰውዬው አጣሞ እየቸረቸረው ስለሆነ።

ያን ጊዜ ደርግ አልወደቀም። ምስጥ የጨረሰው ምሰሶ መስሎ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቆሟል። እኛ በሞያሌ አድርገን ናይሮቢ ገባን፤ እኔ፣ ልጄና የልጄ ልጅ። የልጄን ባል ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ወስደውት ነበር፤ ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። ኢስትሊ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ተከራየን። ባለሱቁ ያገራችን እስላም ነጋዴ ነው፤ አላህ ይስጠው፣ ውሃ በጠፋ ቀን ከበርሜሉ ሳንጠይቀው ይቀዳልን ነበር። እኔ ጥጥ ፈትዬ ድሩን ላገራችን ሸማኔዎች አደርሳለሁ፤ በእግሬ ነው የማደርሰው፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እንደ ከሰል መጠቅጠቅ አልወድም።

ልጄን ራስ ምታት ያዛት። ከግንባሯ ላይ ተነስቶ ዓይኗን የሚያስጨፍን ራስ ምታት ነው። እንደ አገራችን ልማድ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስርና ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች። ልብላ አትል፣ ልጠጣ አትል።

ከሰፈራችን ጀርባ አንዲት ያገራችን ሴት ነበረች፤ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ትላለች። አዋቂነቷን ከማን እንደወረሰች ብትጠየቅ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ትጠራለች፤ አንዴ አያቷ፣ አንዴ የክርስትና አባቷ፣ አንዴ ሕልም። አንድ ቀን ድር አድርሼ ስመለስ ልጄ ተበጥታ ጠበቀችኝ። ሴትዮዋ ከቅንድቧ በላይ በምላጭ ደርደር አድርጋ በጥታ፣ ጥቁር ነገር አሽታበታለች። አገር ቤት ሲሆን የሚታሸው ጥላሸት ነው። ይቺ ግን ናይሮቢ ገብታ ሠልጥናለች። መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ በርሜልና ምድጃ ከሚቀጠቅጡት ሰዎች ዘንድ ሄዳ፣ የጋለ ብረት ሲመታ የሚረግፈውን ጥቁር ቅርፊት ለቅማ፣ አልማ ፈጭታ ነው ያሸችው።

«ጥላሸት ለገጠር ነው» አለችኝ በማግስቱ፣ ደጇ ተቀምጣ። «እዚህ ያለው ክፉ ነገር የከተማ ነው፣ በጥላሸት አይበገርም። ብረት ነው የሚፈራው።»

ብረት ክፉ ነገር ያርቃል የሚለውን እኔም ሳልጠይቀው ያደግኩበት ነው። አራስ ትራስ ስር ቢላ እናደርግ የለ? ቁስሉ ሳይመግል ዳነ፤ ጥቁር ጥቁር መስመር ሆኖ ቀረ። ራስ ምታቱም ቀረ፤ እሱ የቀረው ግን እዚያው ነው፣ ግንባሯ ላይ።

አንድ ቀን ማታቱ መጠበቂያው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስደተኛ የሚታይበት ክሊኒክ ወሰድናት። እዚያ ያሉት ወዲህ ወዲያ አገላብጠው፣ ከተማው ውስጥ አዲስ የመጣ የማግኔት ማሽን አለ፣ ሰውን ሳይቀድ ውስጡን ያያል፣ እዚያ ትሂድ አሉ።

አሁን ሰውዬው ይገባል። ዶክተር እንለዋለን። የሐኪም ዶክተር አይደለም፤ ከሶሻሊስቶቹ አገር በአንዱ ስለ ድንች በሽታ ነው የተማረው፤ ይህንን ያወቅነው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምናውቀው ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ መደርደሩን፣ ዝናብ በሌለበት ዣንጥላ መያዙንና እንግሊዝኛ ሲናገር አገጩን ወደ ላይ ማድረጉን ነው። የደርግ ኤምባሲ ሰው ነው እያሉ የሚጠረጥሩት ነበሩ። እኔ አልጠረጠርኩትም፤ ሰላይ ለመሆን መጀመሪያ ሌላውን ሰው ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ማሽኑን ሲሰማ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ።

«እማማ፣ እኔ ሳለሁ እርስዎ ምን ያስጨንቅዎታል» አለኝ። «እዚያ ያለው ሁሉ በሳይንስ ቋንቋ ነው። አብሬ ሄጄ አስተረጉማለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። በገበያ ስዋሂሊ መግባባት እችል ነበር፤ ግን የሰው ልጅ ልርዳ ሲል እምቢ አይባልም ብዬ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን አይተው ነው።

ሄድን። ቤቱ እንደ ባንክ ያብረቀርቃል። አንዲት የዚያው አገር ልጅ፣ ነጭ የለበሰች፣ ማሽኑን የምታሠራ፣ ልጄን ብረት የሆነ ነገር ሁሉ አውልቂ አለቻት። ጉትቻዋን፣ ከማተቧ ላይ መስቀሏን፣ የቀሚሷን መርፌ ቁልፍ ሳይቀር አወለቀች። ቀጥሎ ልጅቷ ረዥም ጥያቄ ጠየቀች። እጇን ዓይኗ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ ክንዷ ላይ እያደረገች ነው የምትጠይቀው። ዶክተራችን አገጩን ቀና አድርጎ «ኖ» አለ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ሰውነቷ ውስጥ ጥይት ወይ የብረት ስባሪ አለ ወይ ነው የምትለው። የለም አልኳት።»

«እኛን ሳይጠይቁ?»

«ምኑን ልጠይቅዎ እማማ፣ ልጅዎ ወታደር አይደለች።»

ልጄ ሻሿን ስትፈታ ልጅቷ ግንባሯ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር አየችና በጣቷ እያሳየች ደግሞ ጠየቀች። ይህን ጊዜ ሰውዬው ጆሮው ቀላ። አጠር ያለ ነገር ተናግሮ ፈገግ አለ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «በልጅነቷ የወደቀችበት ጠባሳ ነው ብያታለሁ» አለኝ።

«ለምን?»

«እማማ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እዚህ አያንሱ። ኋላቀር ናቸው ይሉናል። ባሕር ማዶ የአገር ስም የሚጠበቀው በእኔና በእርስዎ ነው።»

የአገር ስም። አገሪቱ ልጆቿን እየማገደች፣ ይኼኛው ስሟን በልጄ ግንባር ላይ ሊጠብቅላት ተነሳ። እኔ ደግሞ፣ ጠባሳው ከማሽን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ስላላወቅኩ፣ ትክሻዬን ነቅንቄ ተውኩት።

ልጄን እንደ ዳቦ ወደ ምድጃ አስገቧት። ማሽኑ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ላይ በረዶ ይንጫጫል። ስትወጣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ እንደ ጉንዳን በላኝ። ሳብ ሳብ አደረገኝ» አለችኝ።

«ይህን ይንገሯቸው እንጂ» አልኩት ሰውዬውን።

«ነርቭ ነው» አለ። ሳይነግራቸው ቀረ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፎቶው ወጣ። ዶክተራችን ራሱ አምጥቶ፣ ክፍላችን ገብቶ፣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው። የልጄ ጭንቅላት እንደ ተሰነጠቀ ለውዝ ሆኖ ይታያል። ከቅንድቧ በላይ፣ ወደ ውስጥ የገባ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ አለ። ዙሪያው በአንድ በኩል ነጭ ሆኖ ያበራል፣ እንደ ግርዶሽ ጫፍ።

«ሐኪሙ ያረጀ ደም ወይም ደም የያዘ ዕጢ ነው ብሏል» አለ። «ጭንቅላቷ መከፈት አለበት።»

እንዴት ባለ ድምፅ እንደተናገረው ልንገራችሁ። አዝኗል፤ ግን ኀዘኑን እንደ አዲስ ኮት ለብሶታል። የከበደ ነገር ማወቁ ቁመት ጨምሮለት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያን ፎቶ ከእጁ አልለየውም። ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ይባል የለ፤ ሞኝና ፎቶ ደግሞ ባሰ። ሳውዝ ሲ ወስዶ ያሳያል፣ ምግብ ቤት ወስዶ ያሳያል። ያገራችን ሰዎች የልጄን ጭንቅላት ውስጥ ምሳ እየበሉ አዩት።

ከዚያማ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። ልጄ ተቀምጣ እያየቻቸው «ምን የመሰለች ልጅ ነበረች» ይላሉ። አንዷ ቆርቆሮ ሙሉ ስኳር አምጥታ፣ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ቆርቆሮዋን ጠየቀች። ይቺ ቢያንስ የመጣችበትን ታውቃለች።

ልጄ አላለቀሰችም። አንድ ቀን ሴቶቹ ሲወጡ፣ ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታ ሳለ፣ እንዲህ አለችኝ።

«እማዬ፣ ራሴን ሲከፍቱት እሷን ብረሳትስ?»

«ብትረሻት እኔ አስታውስሻለሁ» አልኳት።

«አንቺንም ብረሳሽስ?»

 «ከአፌ ይውጣ ብለሽ አትናገሪ» ብዬ ተቆጣኋት። መልስ ሲጠፋ የእናት መልስ ይኸው ነው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ቀዶ ሕክምናውን የሚወስነው፣ ፎቶውን ያነበበው ሐኪም ሕንዳዊ ነው፤ እዚያው ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ። ጠረጴዛው ላይ የሚስቱ ፎቶ፣ ግድግዳው ላይ የልጄ ጭንቅላት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህ ሐኪም ልጄን አይቷት አያውቅም። የሰው ራስ ይከፈት ብሎ ሲወስን ሰውየዋን አላያትም፤ የሰጡትን ጥላ ነው ያየው። አገር ቤት በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርስ ከፍቶ ያያል።

ዶክተራችን ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ እኛ ከኋላ። እንግሊዝኛው ተጀመረ። ከንግግራቸው «ኦፐሬሽን» የሚለውን ብቻ ለየሁ። ቀጥሎ ሐኪሙ ተነስቶ መጣና፣ ምላጩ የሚያልፍበትን ሊያሳያት ነው መሰለኝ፣ ሻሿን ፍቺው አላት።

ፈታች። ሐኪሙ አውራ ጣቱን ግንባሯ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ጥቁሩን መስመር አሸት አደረገው፤ አልጠፋለትም። መብራቱን አዞረና ዝቅ ብሎ አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ፎቶ መለሰ፣ እንደገና ወደ ልጄ። ጉድጓዱ የሚጀምረው ልክ ከዚያ ነው። አየሁት፣ ሲገባው።

«ማማ» አለኝ በስዋሂሊ፣ «ሂ ኒ ኒኒ?» ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ዶክተራችን ቀደመኝ። በእንግሊዝኛ የልጅነት ውድቀቱን ጀመረ። ሐኪሙ ሳያየው መዳፉን ዘርግቶ አስቆመው፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ።

«ዳዋ» አልኩት። መድኃኒት ነው።

«ዳዋ ጋኒ?» የምን መድኃኒት?

የእሱም ስዋሂሊ እንደኔው የገበያ ነው፤ እሱ ከሠራተኞቹ የለመደው፣ እኔ ከሽንኩርት ሻጮች። ተግባባን። የዱቄቱን ስም ስለማላውቅ በእጄ አሳየሁት፤ መዶሻ አነሳሁ፣ ቀጠቀጥኩ፣ የሚረግፈውን ለቀምኩ፣ ፈጨሁ፣ ግንባሬን አሸሁ። ሐኪሙ ትኩር ብሎ እያየኝ ነው።

«ቹማ?» አለ። ብረት?

አይደለም ልለው ነበር። ለእኔ ብረት ቢላ ነው፣ ማረሻ ነው፣ ምስማር ነው። ሰው ቆዳ ውስጥ የገባ ዱቄት መድኃኒት ነው እንጂ ብረት ብሎ የሚጠራው ማን ነው? ማሽኑን የምታሠራው ልጅ እኔኑ ብትጠይቀኝ ኖሮም የለም እላት ነበር።

«ከቹማ የሚረግፈው» አልኩት።

ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።  ከዚያ ወደ ዶክተራችን ዞሮ ረዥም ነገር ተናገረ። በጣም ረዥም። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ አገጩ ዝቅ ብሏል።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ማሽኑ ብረት አይወድም ነው የሚለው።»

«ይህን ሁሉ ተናግሮ ይኸው ነው?»

«አሳጥሬ ነው የተረጎምኩልዎ እማማ።»

ሐኪሙ ፊቴን አይቶ ነው መሰል፣ እስክሪብቶ አነሳና ወረቀት ላይ መሳል ጀመረ። ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመረ፣ እኩል እኩል። ይህ የማሽኑ ማግኔት ነው አለኝ፣ እጁን ዙሪያውን እያዞረ። ከዚያ መሐል ላይ አንዲት ነጥብ አደረገ። ቹማ አለ። አጠገቧ ያሉትን መስመሮች እንደገና ሲስላቸው ወደ ነጥቧ ጎበጡ፤ የራቁት ትንሽ ጎበጡ፣ በጣም የራቁት ቀጥ ብለው ቀሩ።

ሟቹ ባለቤቴ ሸማኔ ነበር። ድር ተወጥሮ ሳለ አንዲት ጠጠር ያለች ቋጠሮ ብትገባ፣ እሷ ብቻዋን አትቀመጥም፤ ግራ ቀኟ ያለውን ክር ትጎትታለች፣ ጥለቱ ከቦታው ይሸሻል። ጥበብ ሠሪው ክር ቆጥሮ ነውና የሚጥለው፣ ክሩ ከሸሸ አበባው ሌላ ቦታ ይበቅላል። ማሽኑም እንደዚሁ ነው። ሥጋው የት እንዳለ የሚያውቀው በማግኔቱ ክር ነው። ክሩ ከጎበጠ፣ የልጄን ሥጋ ካለበት አንስቶ የሌለበት ያስቀምጠዋል። ያ የሚያበራው ነጭ ጫፍ ከቦታው የተገፋ ሥጋ ተከምሮበት ነው። የቀረው ደግሞ ለማሽኑ መልስ መስጠት ያቅተውና ጥቁር ይሆናል። ጉድጓድ የለም ማለት ነው። ያልተሰማ ሥጋ ነው ያለው።

ሐኪሙ ደግሞ በፎቶው ላይ ከአፍንጫ በላይ ያለውን አሳየኝ። እዚያ አጥንቱ ውስጥ አየር አለ፤ አየር ከሥጋ ጋር በሚዋሰንበትም ክሩ ትንሽ ይጎብጣል፤ የጤነኛ ሰውም ፎቶ እዚያ ጋ ይዛባል አለ። አጥንት በመጠኑ፣ ስብ በመጠኑ፣ የፈሰሰ ደም ሲያረጅ ደግሞ ባሰ፤ ደም ውስጥ ቹማ አለና። «ዳሙ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ደም መስሎኝ ነበር። ይህችን ሲናገር ዓይኑን አልሰበረም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ሰው መስሎኝ ነበር ማለት ከቻለ ሐኪም ነው።

ማሽኑን ግን ናቅኩት፣ እስከ ዛሬም እንደናቅኩት ነው። በባሕር መጥቶ፣ በክሬን ወርዶ፣ ለብቻው ቤት ተሠርቶለት፣ ከአንዲት ቁንጥር የማትሞላ ዱቄት የእንቁላል ጉድጓድ የሚሠራ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ኢስትሊ ያሉ ሴቶች ያለ ኤሌክትሪክ ይሠሩታል፤ ሽንብራ ሰምተው ዝሆን ይወልዳሉ።

«ታዲያ አይከፈትም?» አለች ልጄ። አማርኛ ነው የተናገረችው፣ ሐኪሙ ግን ገባው።

እንደገና እናያለን አለ። ያኑ ዕለት መልሰው ማሽኑ ውስጥ አስገቧት። አሁን ብረቱ ቆዳዋን እንዳያግለው ሰግተው እየጠየቋት፣ ማሽኑ ክሩን የሚቆጥርበትን አቅጣጫ አዙረው። ዕጢ ቢሆን ይላል ሐኪሙ፣ በየት በኩል ብትቆጥሪው ቦታውን አይለቅም፤ የብረት ሥራ ከሆነ ግን ጥላው አብሮ ይዞራል።

እዚያ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ዶክተራችን ዣንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ነበር። አሳዘነኝ ብል ውሸት ነው። በሆዴ፣ ይህ ሰው ልጄ ተቀድዳ፣ ተከፍታ፣ ሐኪሞቹ ውስጧን ጎርጉረው ምንም ቢያጡ፣ ያን ጊዜም የአገር ስም ተጠበቀ ብሎ እራቱን ይበላ ነበር እያልኩ ነው። እንዲያም ሆኖ የያዝኩትን ዳቦ ከሁለት ቆርሼ ሰጠሁት። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው፤ የናቁትንም ያበሉታል፣ እንዲያውም የናቁትን ሲያበሉት ይቀላል።

«እማማ፣ እኔ እኮ ለክብራችን ብዬ ነው» አለኝ እያላመጠ።

«ብላ» አልኩት። ያኔ ነው አንተ ማለት የጀመርኩት። እስከዚያ እርስዎ ነበር የምለው።

ሐኪሙ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዞ መጣ። በፊተኛው ነጩ ጫፍ ከላይ ነበር፤ በዚህኛው ወደ ጎን ሄዷል። ጉድጓዱም ቅርጹን ለውጧል፤ እንቁላል የነበረው ወደ ባቄላ ሆኗል። «ኢመዙንጉካ» አለኝ፣ ዞሯል። ልጄ ፎቶውን አላየችም። ፊቴን ነው ያየችው፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን መፍታት ጀመረች፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

ነገሩ እዚያ ላይ አላለቀም። ሐኪሙ ከጥላው ጀርባ ያለውን ገና አላየሁም አለ። ትክክለኛ ሰው ነው፣ ግን ትክክለኛ ሰው ያደክማል። እናም የራስ ቅሏን ሊከፍቱ የነበሩት፣ ዱቄቱ ያለበትን ቆዳ ብቻ እየላጡ አውጥተው ሰፉት። ቁስሉ ሲጠግ ለሦስተኛ ጊዜ በማሽኑ አየናት። ፎቶው ንጹሕ ነበር። ከአፍንጫዋ በላይ ሁሉም ሰው ያለበት ያች ትንሽ መዛባት ብቻ።

ራስ ምታቱስ? ግማሹ የበሰበሰ ክራንቻ ነበር፤ ኢስትሊ አንድ ጥርስ ነቃይ ገላገላት። መውደቋም ባዶ ሆዷን በመዋሏ ነው አሉ። የቀረውን ግማሽ እስከ ዛሬ ይዛዋለች፤ እንግዳ ሲበዛባት ታወጣዋለች። ባሏ የት እንደቀረ ያወቅነው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ የዚህ ሰውዬ ወሬ ባለበት ገጽ ላይ አይገባውም።

መድኃኒት አዋቂዋ ነገሩን ስትሰማ ምን እንዳለች ልንገራችሁ። «አያችሁ፣ የኔ መድኃኒት የፈረንጅን ማሽን አስቶታል» አለች። ደንበኛ በዛላት።

አሁን ወደ ክርስትናው ግብዣ ልመለስ። ሰውዬው ሸብቷል። ዣንጥላው ግን ያው ነው ይመስለኛል። «እኔ ለሐኪሙ፣ ግንባሯን እስኪ እይ፣ እዚያ ብረት ይኖራል አልኩት» ይላል። «ሕንዱ ደነገጠ። እጄን ጨበጠኝ።» አንዱ ጎረምሳ በእንግሊዝኛ አደነቀው። የልጅ ልጄ፣ ያኔ እናቷ ጭን ላይ የተኛችው፣ ዛሬ እሷም ወልዳለች፣ ከጎኔ ሆና «አያቴ፣ ይህ ሰውዬ ሲሪየስ ነው?» አለችኝ።

«ተይው ይብላ» አልኳት።

ልጄ ያን ቀን ትሪ እያዞረች ነበር። ሰውዬው ዘንድ ስትደርስ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሻሽ ካሠረች ዘመን የለውም፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ነው የምትሠራው። ከቅንድቧ በላይ የስፌቱ መስመር በደንብ ይታያል፣ ነጭ፣ ቀጥ ያለ። ጎንበስ አለችለት፣ ሰው ለታላቁ እንደሚያጎነብስ፣ ድምፅዋም የለዘበ ነበር።

«ዶክተር» አለችው፣ «እስኪ ለነዚህ ልጆች ይንገሩልኝ፤ በልጅነቴ ከየት ነበር የወደቅኩት?»

ሰውዬው ውሃ አነሳ። ጎረምሶቹ መልሱን ጠበቁ፤ እስከ አሁን ያወቀውን ሁሉ ሲነግራቸው ስለዋለ ይህንንም ያውቃል ብለው። ብርጭቆውን ጨርሶ ባዶውን አፉ ላይ ያዘው።

ልጄ ትሪዋን አንስታ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ በእግሬ ነው የምሄደው፣ መንገዱ ረዥም ነው፣ በየት በኩል እንደማልፍም ገና አልወሰንኩም ነበር።